የማክዳ ዥዋዥዌና የኔ ጉድ

ዛሬ ረፋድ ላይ ደባርቅ ውስጥ ሞቼ ነበር ብላችሁ ታምናላችሁ?

እሺ፣ አልሞትኩም። ግን ፍትሐት ሊደረግልኝ ትንሽ ነው የቀረው!

እንደምታውቁት የኬጂ መምህርት ነኝ። ክፍሌ ውስጥ ማክዳ የምትባል የአምስት ዓመት ልጅ አለች። ጫጫታ ሲበዛባት ጆሮዋን ይዛ ትጮሃለች፤ ከዚያ ማንም አይመልሳትም።

ታዲያ ዩቲዩብ ላይ አንድ ቪዲዮ አየሁ። ልጅን በጨርቅ ጥቅልል አድርጎ የሚይዝ ዥዋዥዌ። ቀስ ብሎ ሲወዛወዝ ልጁ ይረጋጋል። ጋቢ እንደሆነ ቤቴ አለ፣ ምን ገዶኝ!

የማክዳ አባት ጋሽ አስማረ የቱሪስት ሻንጣ በበቅሎ የሚጭኑ ሰው ናቸው። ጋቢዬን በጭነት ገመድ ጣሪያው ላይ አሰሩልኝ። «አይዞሽ፣ ይኼ ቋጠሮ ጭነቱ በከበደ ቁጥር ይጠብቃል» አሉኝ።

ይቺን ነገር ያዙልኝ።

ሠራ! ማክዳ አሥር ደቂቃ ተወዛውዛ ስትወጣ ቁጭ ብላ ሥዕል ትሥላለች። እናቷ አለቀሰች። እኔም።

የወላጅ ኮሚቴው ግን «ትምህርት ቤት ነው ወይስ መጫወቻ?» አለ። ዛሬ አራት ሰዓት ላይ አይቶ ሊወስን ነበር። ዥዋዥዌው ከተነሣ ማክዳ ቤት መዋሏ ነው። ለኮሚቴው የማነበውን ማብራሪያ ከጠዋት ጀምሮ ስከልስ ነበር።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ልጆቹ ዕረፍት ወጡ። ክፍሉ ባዶ፣ ዥዋዥዌው ባዶ። ትንሽ ሪላክስ ልበል ብዬ ጫማዬን አውልቄ ገባሁ።

እንዴት ደስ እንደሚል!

ለሁለት ደቂቃ።

ልውጣ ስል ጋቢው ጠበቀ። ገመዱ ጭነት አድርጎኛል! ጉልበቴ አገጬ ጋ ደርሷል፤ በተፍጨረጨርኩ ቁጥር ይብስበታል።

በሩ ተከፈተ። ኮሚቴው!

ቆይ፣ የኛ አገር ኮሚቴ ከሰዓቱ ቀድሞ የመጣው መቼ ነው?

ሰብሳቢው አባ ሞላ ቄስ ናቸው። ነጩን ጥቅልል አዩና ቀጥ አሉ። «በስመ አብ! ማነው የተገነዘው?»

«እኔ ነኝ አባ!»

አብረዋቸው የመጡት የኮሚቴ አባል እሪታቸውን ለቀቁት። እኔም ተከተልኩ። «አውጡኝ! ታፈንኩ! አውጡኝ!»

የመረጋጋት መምህርቷ!

ጩኸቱን ሰምተው ልጆቹ ጎረፉ። ማክዳም መጣች፣ በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሀል። በቃ አለቀልን አልኩ።

እሷ ግን ጆሮዋን አልያዘችም። ጋቢውን ቀስ አድርጋ ገፋ ገፋ እያደረገች «ቲቸር፣ አትጩሂ። በአፍንጫሽ ሳቢ፣ በአፍሽ ልቀቂ» አለችኝ። በየቀኑ የምላትን፣ አንድ ቃል ሳታጎድል።

ሳብኩ። ለቀቅኩ። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ፤ ደግነቱ ከጋቢው ውስጥ ማንም አላየኝም።

ጋሽ አስማረ ተጠርተው መጡና ቋጠሮውን በአንድ እጃቸው ፈቱት። «ለልጅ ነው እኮ ያሰርኩት» አሉ።

አባ ሞላ ስቀው ሲያበቁ «ዥዋዥዌው ይቀመጥ» አሉ። «ሕፃኗ መምህሯን ካረጋጋች እኛ ምን እንጨምራለን? አንቺ ግን ልጄ፣ ሁለተኛ ብቻሽን እንዳትገቢ።»

ስንት ቀን የተዘጋጀሁበት ማብራሪያ ሳይነበብ ቦርሳዬ ውስጥ አለ። ማክዳ ነገም ትመጣለች። ከሰዓት ዥዋዥዌውን አየት ሳደርግ «ቲቸር፣ የዛሬ ተራሽ አልፏል» ብላኛለች።

እናንተስ፣ እውነቱን ንገሩኝ፤ ስትጨነቁ የምትገቡበት አላችሁ? ገመዱንስ ማን ነው ያሰረላችሁ?