ወንዙን ያዞረው ማይንራድ

እግዚአብሔር ለሰው ሁሉ ልዩ ልዩ ጸጋ አድሏል፤ ለማይንራድ ኢንደርጋንት የደረሰው ጸጋ ነገርን ጀምሮ አለመጨረስ ነው። እውነተኛ ሰው ነው፤ ቃሉ የታመነ፣ እጁ ከሰው ንብረት የራቀ፣ ከእሑድ ቅዳሴ ቀርቶ የማያውቅ። ነገር ግን የመንደራችንን የቡህማትን ታሪክና መልክዐ ምድር ከእርሱ በቀር የሚያውቅ የለም ብሎ ያምናል፤ ይህንንም እምነት ለብቻው ይዞ መቀመጥ አይችልም። እንዲህ ያለ ሰው የሌለው መንደር በተራሮቻችን መካከል አይገኝም። ሁለት ያለው መንደር ግን ሰምቼ አላውቅም፤ ቢኖር ኖሮ ሕዝቡ በተሰደደ ነበር።

ሊቀ ሊቃውንት ማይንራድ (ማዕረጉን የሰጠነው እኛ ነን፤ እርሱም አልተቃወመም) ለማንኛውም ጥያቄ መልሱን የሚጀምረው «ከበረዶው እንነሣ» ብሎ ነው። በረዶው ማለት ገና በጥንት ሸለቋችንን ቦርቡሮ ያወጣው ታላቁ የበረዶ ክምር ነው። ሰዓት ስንት ሆነ ቢሉትም ከዚያው ይነሣል። አንድ ጊዜ ላሙ ምጥ ስለ ጠናባት የእንስሳት ሐኪም ከታችኛው ከተማ እየበረረ መጣ። ማይንራድ በበረቱ ደጃፍ ተቀብሎት፣ የበረቱ መሠረት በየትኛው ናዳ ላይ እንደ ቆመ ያስረዳው ጀመር። ታሪኩ የፈረንሳይ ወታደሮች ከብታችንን ነድተው ከሄዱበት ዘመን ሳይደርስ ጥጃው በገዛ ራሱ ተወለደ። ሐኪሙም ጓንቱን ሳያጠልቅ ተመለሰ።

መንገድ የጠፋባቸው የከተማ ሰዎች ወደ ተራራው ማለፊያ የሚያወጣውን መንገድ ቢጠይቁት፣ ከናዳው በፊት መንገዱ በየት በኩል ያልፍ እንደ ነበር አብራርቶ ነገራቸው። እነርሱም በነገራቸው ሄዱ። ከረግረጉ በገመድ ጎትተን ያወጣናቸው እኛ ነን።

በቀብር ላይ እንኳ አልተመለሰም። ቄሳችን ጠበል ሊረጩ እጃቸውን እንዳነሡ፣ የሟቹን ቅድመ አያት የወሰደው የበረዶ ናዳ ከየትኛው ሸንተረር እንደ ወረደ ሲተነትን፣ የቄሱ ክንድ ዝሎ በሌላው እጃቸው ሊደግፉት ግድ ሆነባቸው።

ሆኖም ስለ እርሱ እውነቱን መመስከር ይገባኛል። እኔ የደብራችን ሽማግሌና ደወል ደዋይ ነኝ፤ ሰው በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲዋሽ ብዙ ሰምቻለሁ። ማይንራድ ግን ያስረዝማል እንጂ አይጨምርም። ያልሆነውን ሆነ ሲል የሰማው የለም። ዕድሜ ልኩን ሲከራከረው የኖረው የወንዝ ማዶው አይብ ሠሪ ዮስት እንኳ፣ «አሰልቺ ነው እንጂ ውሸታም አይደለም» ይላል።

ቡህማትን ወንዝ ለሁለት ይከፍላታል። በሰሜኑ ዳገት ያለነው ፀሐይ ወገን ነን። ከወንዙ ማዶ ያሉት ጥላ ወገን ናቸው፤ በኅዳር መግቢያ ከሚውለው ከቅዱስ ማርቲን በዓል ጀምሮ፣ በጥር መጨረሻ ጌታ ወደ ቤተ መቅደስ የገባበት በዓል እስኪደርስ ድረስ ተራራው ፀሐይን ይከለክላቸዋል። ቤተ ክርስቲያናችን አንድ፣ አይብ ቤታችን አንድ፣ መቃብራችንም አንድ ነው፤ ጋብቻ ግን የለም።

«ጥላ ወገን ምን ታሪክ አለው?» ይላል ማይንራድ። «ያለው ሳል ነው።»

«አንተን ደግሞ ፀሐይ አናትህን መትታሃለች!» ይመልስለታል ዮስት ከማዶ።

ነገሩ እንዲህ ሆኖ ሳለ ነው እንግዲህ የማይንራድ አንድያ ልጅ አፖሎኒያ የጥላ ወገኑን ኡርባንን አገባለሁ ብላ የተነሣችው።

«አይሆንም!» አለ አባቷ። «ቡህማት ቡህማት ከተባለች ጀምሮ አንዲት የፀሐይ ወገን ልጅ ሙሽራ ሆና ድልድዩን ተሻግራ አታውቅም።»

«እንግዲያው እኔ የመጀመሪያዋ ልሁና፣ አባዬ።»

«ታሪክ ነው የምልሽ!»

«እኔ ደግሞ ባል ነው የምልህ! ከመረቅኸን እዚሁ እንኖራለን። ካልመረቅኸን ለመኸር ሁለታችንም ቆላ ወርደን ፋብሪካ እንቀጠራለን። ከዚያ በኋላ ከበረዶው ተነሥተህ ለላሞቹ አስረዳቸው።»

ይህ ንግግር በመንደሩ ተሰምቶ ብዙ ተሳቀ። ማይንራድ ግን አልሳቀም። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ በዚያ ቤት ከአፖሎኒያ በቀር የሚሰማው አልነበረም።

በዚያው በጋ ሰማዩ ተዘጋ፤ አንዲት ጠብታ ዝናብ ጠፋ። የፀሐይ ወገን ሣር ነደደ፤ ዳገታችን እንደ ዳቦ ቅርፊት ደረቀ። የጥላ ወገን መስክ ግን ለምልሞ ቆመ። በድርቅ ዘመን ጥላው እንደሚሻል ማይንራድ አጥቶት አይደለም፤ ከታሪኩ ሁሉ በአጭሩ የሚያልፈው ይህንን ብቻ ነበር።

ኡርባን ድልድዩ ላይ ጠበቀው። እኔም አጥር ስጠግን ነገራቸውን ሰማሁ።

«ጋሼ ማይንራድ፣ የታችኛው መስኬ ሣሩ ጉልበት ደርሷል። ላሞችዎን ያሻግሩ።»

«የአባቶቼ ከብት የጥላ ወገን ምጽዋት አይበላም።»

«ምጽዋት ማን አለ? ሣር ነው'ኮ!»

«አታስተምረኝ! ልጄንም ተዋት!»

ኡርባን ባርኔጣውን አንሥቶ ሰላምታ ሰጠና ሄደ። ማይንራድም ከብት ነጋዴው ሰኞ መጥቶ ላሞቹን እንዲወስድ ላከበት። አፖሎኒያ ይህን ስትሰማ ሻንጣዋን ከአልጋዋ ሥር አወጣች።

በእኛ ዘንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የመንደሩ ጉዳይ የሚነገረው በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ካለው ድንጋይ ላይ ተቁሞ ነው። ማይንራድ ወደ ድንጋዩ ሲወጣ ያየው ሕዝብ መቀመጫ ይፈልግ ጀመር። እርሱ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ፊቱ ግን የአስተማሪ ፊት አልነበረም።

«ወገኖቼ፣ መርምሬ የደረስሁበት ነገር አለ» አለ። «በጥንት ዘመን፣ ከታላቁ ናዳ በፊት፣ ወንዛችን ይፈስስ የነበረው አሁን ባለበት አይደለም፤ ከኡርባን መስክ በስተጀርባ ነው። ስለዚህ መስኩም ቤቱም በጥንቱ የፀሐይ ወገን ነው። ላም ወደዚያ ብትሄድ፣ ወደ ገዛ ሜዳዋ ሄደች። ልጅም ወደዚያ ብትዳር…» እዚህ ላይ ወደ ልጁ ተመለከተ። «ብትዳር፣ ድልድይ አልተሻገረችም።»

ከኡርባን መስክ በስተጀርባ ያለው ገደል ነው፤ ከደወል ቤታችን የሚበልጥ፣ ቀጥ ያለ ዐለት። በዚያ የተሰበሰበ ሁሉ ቀና ቢል ያየዋል። ሙሴ በበትሩ ባሕር ከፈለ፤ ማይንራድ በአንደበቱ ወንዝ ገደል አስወጣ። በሕይወቱ የመጀመሪያው ውሸት ነበር፤ ልምድ ስለሌለውም ከትልቁ ጀመረ።

የሁላችንም ዓይን ወደ ዮስት ዞረ። ለዚህች ቀን ዕድሜውን ሙሉ የጠበቀ ሰው ነው። ፒፓውን ከአፉ አወጣ፤ ገደሉን አየ፤ ማይንራድን አየ፤ ቀጥሎም ከግንቡ ተጠግታ የቆመችውን አፖሎኒያን አየ።

«እውነት ነው» አለ። «አያቴም እንደዚያ ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«እናቴም ትል ነበር!» አለች አንዲት ሴት ከኋላ። ከዚያ ወዲያ ያልሰማ አልተገኘም።

ላሞቹ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ተሻገሩ፤ ነጋዴው ሰኞ መጥቶ ባዶ በረት አገኘ። ሠርጉ በመኸር ሆነ። ደወሉን የደወልሁት እኔ ነኝ፤ ሥርዓቱ ከሚፈቅደውም አብልጬ ደወልሁ። ኡርባን ዛሬ የሁለቱንም ወገን ሣር ያጭዳል፤ አፖሎኒያም የሁለቱንም በረት ላሞች ታልባለች።

አንድ ቀን ማይንራድን ለብቻው አግኝቼ፣ «ለመሆኑ ውሃው ያን ገደል እንዴት ወጣው?» አልሁት።

«ያን ጊዜ ውሃ ብርቱ ነበር» አለኝና ፊቱ ቀላ። ሌላ ቃል አልጨመረም።

ከዚያ ወዲህ ሲናገር አላቋርጠውም። ሾርባዬ ይቀዘቅዛል፤ ይቀዝቅዝ።

ልዑል እግዚአብሔር የማይንራድ ኢንደርጋንትን ቤት ይባርክ፤ ከበረቱ ወተት፣ ከመስኩ ሣር፣ ከደጁ የልጅ ልጅ አያሳጣው፤ ለአንደበቱም ታጋሽ ጆሮ ይስጠው።