አርባ አንድ ገጽ ስለ ንክኪ

በኔብራስካ የበቆሎ ማሳዎች መካከል ያለችው ከተማችን ለሰው ልጅ ካበረከተቻቸው ታላላቅ ሥራዎች አንዱ፣ በአሜሪካ ፉትቦል፣ ማለትም ኳስ በእጅ በሚያዝበት ጨዋታ፣ ተከላካይ ኳስ ተቀባይን እስከ ምን ድረስ መንካት እንደሚችል የሚያብራራው አርባ አንድ ገጽ መመሪያ ነው።

ድሮ ነገሩ ቀላል ነበር። ተከላካዩ ኳስ ሊቀበል የሚሮጠውን ተጫዋች እስከ አምስት ያርድ ይገፋዋል፤ ከዚያ በኋላ እጁን ይሰበስባል፤ ካልሰበሰበ ዳኛው የጥፋት ምልክት የሆነውን ቢጫ ጨርቅ ይወረውርበታል። ይህ ለማንም ስለሚገባ የደንብ ኮሚቴው ተገቢ ሆኖ አላገኘውም።

ትራክተር ጠጋኙ ቨርሊን ስታኪ ሃያ ስድስት ዓመት ሲዳኝ የዋንጫ ጨዋታ ደርሶት አያውቅም። ዘንድሮ ደረሰው። መመሪያውን ሦስት ሳምንት ሲያጠና ከርሞ፣ በጨዋታው ዕለት የኮሚቴውን ሊቀመንበር ሚስተር ትዋምብሊን ሜዳው ዳር ያዛቸው።

«‹ታስቦ ያልተደረገ ንክኪ› እንዴት ነው የሚታየው ጌታዬ?»

«በትኩረት! ዓይንህን ከተከላካዩ እጅ ሳትነቅል፣ ያርዱን እየቆጠርክ ከጎናቸው ትሮጣለህ።»

«ፊት ለፊቴንስ መቼ ልይ?»

«እሱን ንዑስ ኮሚቴው እየመከረበት ነው።»

የጨዋታው የመጨረሻ ሙከራ ላይ የእኛ ቡድን በአራት ነጥብ ይመራል፤ ማለትም መሪዎቹ እንግዶቹ ናቸው። ተቀባያችን ኤምሪ ቮግል ተፈተለከ። የእንግዶቹ ተከላካይ መመሪያውን ከመፍራቱ የተነሳ ሁለት እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይሮጣል። ቨርሊን እነዚያን እጆች አፍጥጦ እያየ፣ «አራት... አምስት... ስድስት...» ሲል ከኤምሪ ጋር ተላተመ። ሁለቱም ተዘረሩ። ኳሷ ወደቀች፤ ሰዓቱም አለቀ።

«አንተ ሰውዬ!» አለ አሰልጣኛችን ራግልስ እየሮጠ መጥቶ። «ልጁን ማነው የጣለው?»

«እኔ ነኝ» አለ ቨርሊን ሣሩ ላይ እንደተጋደመ።

«ስንተኛው ያርድ ላይ?»

«ስድስተኛው።»

«ታዲያ ጨርቅህን ወርውራ!»

ቨርሊን ሐቀኛ ሰው ነው። በሀፍረት ፊቱ እየቀላ ጨርቁን አውጥቶ የገዛ ደረቱ ላይ ጣለው።

«ኧረ ዳኛው የእኛ ተጫዋች አይደለም!» ብለው እንግዶቹ ጮኹ።

ሚስተር ትዋምብሊ መነጽራቸውን አድርገው ገጽ ሠላሳ ዘጠኝን በግርማ አነበቡ፦ «ከአምስት ያርድ በኋላ ተቀባይን የነካ ማንኛውም ሰው ተከላካይ ነው።» ስለዚህ እንግዶቹ ለሕገወጥ ንክኪው ተቀጡ፤ አሥራ ሁለተኛ ሰው ሜዳ ውስጥ በማሰለፋቸውም በተጨማሪ ተወገዙ። ጨዋታ በተከላካይ ጥፋት ስለማያልቅ ሙከራው ተደገመ፤ ኤምሪ ኳሷን ይዞ የመጨረሻውን መስመር በማለፍ ስድስት ነጥብ አስቆጠረ፤ ዋንጫው የእኛ ሆነ።

በዓመቱ ማብቂያ ላይ ኮሚቴው ቨርሊንን አልዘነጋውም። ምርጥ ዳኛ የተባለው ሌላ ሰው ቢሆንም፣ በውድድር ዘመኑ ኤምሪ ቮግልን ማቆም የቻለ ብቸኛው ሰው እሱ በመሆኑ፣ በሙሉ ድምፅ የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ ተብሎ ተሸለመ።