አጥፊው ኦቦ ሆርዶፋ

በየቤቱ አንድ አጥፊ አለ። አጥፊ ሲባል ሰርቆ የታሰረ ወይም ሰው የደበደበ ማለት አይደለም። መብራት የሚያጠፋ፣ ምድጃ የሚያጠፋ፣ ቧንቧ እየዞረ የሚያጠብቅ፣ ሰው ሳቁን ሳይጨርስ ቴሌቪዥኑን ጸጥ የሚያደርግ ማለት ነው። ከጊንጪ እስከ ጉደር ያለው ቤት ሁሉ ቢቆጠር አጥፊ የሌለው አንድም አይገኝም፤ ከተገኘም ቤቱ ሰው አልገባበትም ማለት ነው።

የሃዋኒ ቤት አጥፊ የገዛ አባቷ ናቸው። ክቡር ኦቦ ሆርዶፋ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የመንግሥት ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ሆነው፣ ያለ ፊርማ አንዲት ብሎን ሳያወጡ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ግምጃ ቤቱን አስረከቡ እንጂ ጠባዩን አላስረከቡም። አምቦ ልጃቸው ዘንድ ከገቡ ወዲህ ሃዋኒ ከመኝታ ቤት ስትወጣ መብራቱ ከኋላዋ ይጠፋል፤ የረሳችውን ልታመጣ ስትመለስ ከቁም ሳጥኑ ጋር ትላተማለች። ስትጮህ፣ "ማሊፍ? ለምን በእጅሽ አትዳብሺም? ቤቱ የራስሽ አይደል?" ይሏታል።

እንዲህ ካለ ሰው ጋር እየኖረች በ2005 ዓ.ም. ቤቷ ኢንተርኔት አስገባች። ወዳ አይደለም። ቀን ጤና ጣቢያ ነርስ ናት፤ ሁለተኛ ዲግሪዋን ደግሞ በርቀት ትማራለች። ከሥራ ስትወጣ ከተማው ውስጥ ያለው ኢንተርኔት ቤት ወረፋ ነው፤ ወረፋው ሲደርሳት ባለቤቱ ሊዘጋ ቁልፉን ያንቃጭላል።

"ስንት ነው በወር?" አሉ ኦቦ ሆርዶፋ። ነገረቻቸው። በጣታቸው ቆጠሩ።

"በሁለት ወር አንድ የጎጆ ገበያ በግ። በግ ይበላል፣ ቆዳው ይሸጣል። ይሄስ?"

"ይሄማ ትምህርቴ ነው፣ አባዬ።"

"እኛ ስንማር ኢንተርኔት ነበረ? ግድ ነው?"

"ግድ ነው?" በኦቦ ሆርዶፋ አፍ ጥያቄ ሳይሆን ፍርድ ነው። ሻይ ላይ ሁለተኛ ማንኪያ ስኳር ሲጨመር ግድ ነው? እንግዳ ሲመጣ ትልቁ አምፖል ሲበራ ግድ ነው? የቤተ ክርስቲያናቸው ወንጌላዊ ስብከቱን ሲያስረዝም እንኳ ከኋላ ወንበር ሆነው በለሆሳስ "ግድ ነው?" ማለታቸው በምስክር የተረጋገጠ ነው።

ኢንተርኔቱን የሚያመጣውን ሞደም ገና እንዳዩት ጠሉት። ብልጭ ድርግም ይላል። ለኦቦ ሆርዶፋ ብልጭ ያለ ነገር ሁሉ ቆጣሪ ነው፤ ቆጣሪ ከሆነ ደግሞ ይቆጥራል። ሃዋኒ ሒሳቡ በብልጭታው እንዳልሆነ ሦስት ጊዜ አስረዳች። "ቆጣሪን ለእኔ ትነግሪኛለሽ?" ብለው ነቀሉት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንዲት ገጽ በተከፈተች ቁጥር ሶኬቱ ይነቀላል። "ገጹ መጥቷል አይደል? እንግዲህ አንብቢው። ስትጨርሺ ንገሪኝ፣ እሰካልሻለሁ።" ሃዋኒ አንብባ "አባዬ፣ ጨረስኩ!" ትላለች፤ ከሳሎን "ሰካሁ!" የሚል ድምፅ ይመጣል፤ ሞደሙ ነፍስ እስኪዘራ እሷ ጥፍሯን ትበላለች። ምግብ ሲቀርብ ለጸሎት ይነቀላል፤ ከአሜን በኋላ የሚሰካው የለም። ምርር ቢላት "አይነቀል" ብላ ወረቀት ለጠፈች። በማግስቱ ከሥሩ "በማን ትእዛዝ?" የሚል ጽሑፍ ከፊርማና ከቀን ጋር ሰፍሮ አገኘችው። እንዲህ ካለ ሰው ጋር መኖር ዕድሜ ይቀንሳል፤ ሃዋኒ የደም ግፊቷን በየሳምንቱ የምትለካው በከንቱ አልነበረም።

የመጨረሻዋ ማስረከቢያ ዓርብ መጣች። ሃዋኒ ለመመረቂያ ጥናቷ ሦስት ወር ጎጆ ከተማና አካባቢው ተመላልሳለች፤ በዚያ አጥንት በሚሰብር ብርድ፣ በዚያ አንጀት በሚያላቅቅ መንገድ፣ በየቤቱ እየገባች ስለ ሕፃናት ክትባት እናቶችን ጠይቃለች። አማካሪዋ ዶክተር ማዕረግ አዲስ አበባ ሆነው የሚጠብቁት እስከ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ብቻ ነው። ካለፈ የሚመረቁት ይመረቃሉ፤ እሷ ለከርሞ ትቆያለች። ከሥራ ፈቃድ ወስዳ ሰባት ሰዓት ላይ መላክ ጀመረች። ጽሑፉ ከነቅጾቹ ከባድ ነው፤ እያዘገመ ከመቶ ሰማንያ ሁለት ደረሰ። እሳት ላይ የጣደችው ወተት የገነፈለ መሰላትና ወደ ማድ ቤት ብቅ አለች።

ስትመለስ ሞደሙ ጨልሟል። ኦቦ ሆርዶፋ ሶፋው ላይ ተደላድለዋል።

"ማንም ሳይኖር ሲያብለጨልጭ ደረስኩበት" አሉ ኮራ ብለው።

ሃዋኒ ተወልዳ በአባቷ ላይ ድምፅ ከፍ አድርጋ አታውቅም። ያን ቀን ግን ጮኸች። "አንድ ዓመት ነው፣ አባዬ! ሽቦ አይደለም የነቀሉት፣ የእኔን አንድ ዓመት ነው!" አለችና እንደ ልጅ አለቀሰች።

ኦቦ ሆርዶፋ የነቀሉትን ሶኬት አዩ። "ስንት ሰዓት ነው?" አሉ።

"ስምንት ተኩል።"

"ከመጀመሪያው ቢጀመር ስንት ይፈጃል?"

"ሁለት ሰዓት። መብራቱ ካልደከመ። ሲደክም ሞደሙ በራሱ ይጠፋል፣ እንደገና ሀ ብሎ ነው።"

ተነሡ። ሶኬቱን በእጃቸው ሰኩ። ቀጥሎ ማቀዝቀዣውን ነቀሉ፤ ሬዲዮኑን፣ ቴሌቪዥኑን፣ ቻርጅ ላይ የነበረውን የራሳቸውን ስልክ ነቀሉ። ከዚያ በአንድ ቆጣሪ ወደሚጠቀሙት ወደ ጎረቤታቸው ወደ ወይዘሮ ወለተ ማርያም ቤት ሄዱ። በግድግዳው በኩል ሁሉም ይሰማል።

"ካውያውን ይንቀሉልኝ።"

"ኧረ ኦቦ ሆርዶፋ! የነገ ሠርግ ልብስ ነው የምተኩሰው። ምን ነክቶዎት ነው?"

"ልጄ እየላከች ነው።"

"ምኑን?"

"የምትልከውን። ይንቀሉ፣ እባክዎ።"

ሃዋኒ "እባክዎ" የሚለው ቃል ከአባቷ አፍ ሲወጣ የዚያን ቀን ገና መስማቷ ነው። ኦቦ ሆርዶፋ በሰው ቃል የሚተማመኑ አይደሉምና ካውያውን ከነትኩሳቱ ይዘውት መጡ። በርጩማ ስበው ሶኬቱ አጠገብ ተቀመጡ። ውኃ ልትጠጣ ብድግ ስትል በእጃቸው አስቀመጧት፤ ውኃውን ራሳቸው አመጡ።

አሥር ሰዓት ከአርባ ላይ፣ "ሄደ" አለች።

"ሰውዬው ተረክቧል?"

"እሱን እስኪጽፉልኝ አላውቅም።"

"እንግዲያው አልሄደም።"

ጠበቁ። ለአሥራ አንድ ሰዓት አምስት ደቂቃ ሲቀረው መልስ ገባ።

"ምን ይላል?"

"ደርሶኛል ይላል።" ሃዋኒ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች።

"ሌላስ?"

"ሌላ የለም።"

"ደርሶኛል ብቻ? ሰላም ነሽ ወይ የለም? አባትሽ እንዴት ናቸው የለም? ለአንዲት ቃል ነው ይሄን ሁሉ ብር የምንከፍለው?"

ኦቦ ሆርዶፋ በርጩማውን ወደ ኮምፒውተሩ አስጠጉ። መነጽራቸውን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው አደረጉ።

"እስቲ ደግመሽ አንብቢው" አሉ።