የአያ ጎፈሬ ወተትና መራሬ ሥር

ጆሮ ያለው ቀረብ ይበል፤ የጎደለው ደግሞ ከጥንቸል ይዋስ፣ ለእሷ ይተርፋታል።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳት መበላላቱን በስምምነት ትተው በገበያ ብቻ ይገናኙ በነበረበት ዘመን፣ በአንድ ወንዝ ዳር ባለ ጫካ ውስጥ አያ ጎፈሬ የሚባል ዝንጀሮ ይኖር ነበር። አያ ጎፈሬ ወተት ሻጭ ነበር። ከወንዙ ራስጌ በረት ሠርቶ ጎሾችን ያልባል፤ ወተቱን በቅል እየሞላ ዋርካው ሥር ወደሚቆመው ገበያ ያወጣል። ጨዋታ አዋቂ ስለነበር ወተት የማይወድ እንኳ ወሬውን ሊሰማ መጥቶ ቅል ተሸክሞ ይመለስ ነበር።

በዚያው ጫካ እማማ እሾሌ የሚባሉ አሮጊት ጃርት ነበሩ። ሥራቸው መድኃኒት መቆፈር ነው። ገደሉ አፋፍ ላይ መራሬ የሚሉት ሥር ይበቅላል፤ ሆዱን ታሞ የሚያጣጥር እንስሳ መራሬ ተወቅጦለት ሲጠጣ ይድናል። እማማ እሾሌ ሥሩን ለሰጡት ሁሉ፣ “ካልታመማችሁ አትንኩት፤ ከታመማችሁ ደግሞ ተሻለኝ ብላችሁ ከመሃል አታቋርጡት” ይላሉ። ሁሉም “እሺ እማማ” ይላል። ከዚያ በኋላ ጅብ ጥጋብ ሲከብደው ይቅመዋል። ጦጣ ከሰርግ ማግስት ራሷን ሲያማት ትቅመዋለች። ከርከሮ ደግሞ ግማሹን ውጦ ሲሻለው የተረፈውን ጉድጓዱ ውስጥ ደብቆ ይረሳዋል።

አንድ ክረምት የጎፈሬ ጎሾች ሆዳቸውን ታመሙ። መራሬ ተሰጣቸውና ዳኑ። መዳን ብቻ አይደለም፣ ወፈሩ፤ ወተታቸውም በዛ። ጎፈሬ ይህን ሲያይ ራሱን አከከ። ዝንጀሮ ሲያስብ ያካል። ከዚያም ስኳር ድንች በጀርባው ተሸክሞ ወደ እማማ እሾሌ ሄደ።

“ማን ታመመብህ?” አሉት።

“ማንም አልታመመም እማማ። እንዳይታመሙ ብዬ ነው። ከድርቆሻቸው ጋር በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ጣል ላደርግላቸው አስቤ ነው።”

እማማ እሾሌ እሾሃቸውን ቀስ ብለው አቆሙ። “ተው ልጄ። ሆድ ውስጥ ዓይን የማያያቸው ጥቃቅን ነፍሳት አሉ። መራሬ የሚገድለው እነሱን ነው። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ካቀመስካቸው ደካሞቹ ይሞቱና ብርቱዎቹ ይተርፋሉ። የሚበዙትም እነዚያው ብርቱዎቹ ናቸው። ያን ጊዜ ሥሩ ቢወቀጥም ቢጠጣም ከውሃ አይሻልም።”

“ዓይን የማያየውን እርስዎ በምን አዩት?” ብሎ ጎፈሬ ሳቀ።

እማማ እሾሌ ሊመልሱለት አፋቸውን ሲከፍቱ የስኳር ድንቹ ሽታ አፍንጫቸው ገባ። ጃርትና ስኳር ድንች ያላቸውን ፍቅር መቼም ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል። “እሺ፣ ለዛሬ ብቻ ውሰድ” አሉት። ችግሩ ዛሬ የሚባለው ቀን በየሳምንቱ ይመጣ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ወተቱ እንደ ምንጭ ወረደ። ቅል ጠፍቶ እንስሳቱ በዱባ ቅርፊት ይቀዱ ጀመር። ዋጋውም ረከሰ። ሸንጎው ተሰበሰበና ጌታው አንበሳ፣ ወተቱ ጢማቸው ላይ እንዳለ፣ “ጫካችንን ያጠገበ” ብለው ጎፈሬን የላባ አክሊል ሸለሙት። ጎፈሬ ንግግር አደረገ። ንግግሩ ስለረዘመ እስከ መጨረሻው የሰማችው መሄድ የማያስቸኩላት ኤሊ ብቻ ነበረች።

አንድ ነገር ግን ነበር። ጎፈሬ ጓሮ ውስጥ ለብቻዋ የታሰረች አንዲት ጎሽ ነበረች። እሷ መራሬ አትቀምስም፤ የቤቱ ወተት የሚታለበውም ከእሷ ነው።

“ያኛው ጥሩ ከሆነ እኛስ ለምን አንጠጣውም?” ብላ ሚስቱ ለምለሜ ጠየቀችው።

“ያኛው ለገበያ ጥሩ ነው” አለ ጎፈሬ።

ለምለሜ ቀና ብላ አየችውና ሥራዋን ቀጠለች።

ዓመት ሄዶ ዓመት ሲመጣ ጫካው ውስጥ በሽታ ገባ። መጀመሪያ ከርከሮዎቹ ተኙ፤ ቀጥሎ የድኩላ ግልገሎች። ተቅማጡ ከትኩሳት ጋር ሆኖ ያልፈሰፍሳቸው ጀመር። ሁሉም ወደ እማማ እሾሌ ሮጠ። መራሬ ተወቀጠ፣ ተጠጣ፤ ለውጥ የለም። ተጨመረ፤ አሁንም ለውጥ የለም። ገበያው በሐሜት ተሞላ። “ሥሩ አርጅቷል” አለ አንዱ። “ኧረ አሮጊቷ የዛፍ ልጣጭ ነው የምትወቅጥልን!” አለች ጦጣ። ጎፈሬም፣ “እኔስ ድሮም ጠርጥሬ ነበር” አለ። ቤቱ ሲገባ ግን ከጓሮዋ ጎሽ ወተት በቀር የሌላ ጠብታ ደጃፉን እንዳያልፍ አዘዘና፣ እኛስ ደኅና ነን ብሎ ተኛ።

የረሳው ወንዙን ነው። የበረቱ እበት ዝናብ በጣለ ቁጥር እየታጠበ ወንዝ ይገባል፤ የጎፈሬ ቤት ደግሞ ከበረቱ ግርጌ ነበር። ሴት ልጁ ሙጬ ከእኩዮቿ ጋር ስትዘል ውላ ውሃ ሲጠማት ጎንበስ ብላ ከወንዙ ጠጣች። በማግስቱ ሆዷን ይዛ ተኛች።

ጎፈሬ ሥሩን በገዛ እጁ ወቀጠ። አጠጣት፤ ጠበቀ፤ ደግሞ አጠጣት። የሙጬ ዓይኖች ጎድጉደው ገቡ። “አባዬ ይመራል፤ በቃኝ” አለችው።

ያን ጊዜ እየበረረ ወደ እማማ እሾሌ ሄደ።

“እማማ፣ ሌላ ሥር ይስጡኝ!”

“ሌላ የለም።”

“ከገደሉ በታች? ከወንዙ ማዶ?”

“ዕድሜዬን በሙሉ ስቆፍር ነው የኖርኩት፣ ሌላ የለም ጎፈሬ። ያለችን መራሬ ብቻ ነበረች። አንተ የጎሽ ማድለቢያ አደረግሃት፤ እኔም ስኳር ድንችህን እየበላሁ አቀበልኩህ።” ወደ አለቱ አመለከቱት። “አሁን ሂድና ከአለቱ ሥር ከሚፈልቀው ምንጭ ንጹሕ ውሃ ቅዳ። ማርና ጨው ጣል አድርግበትና ትንሽ ትንሽ አጠጣት። ከአጠገቧ አትራቅ። ከዚህ ሌላ የማውቀው የለኝም።”

ጎፈሬ አልራቀም። ለምለሜ ውሃውን ትቀዳለች፤ እሱ ያጠጣል፤ በላባ አክሊሉ ዝንቡን ያባርርላታል። ለምለሜ ስለ ጓሮዋ ጎሽ አንድም ቃል አልተናገረችም፤ እሱን ያቃጠለውም ይኸው ነበር።

ሙጬ ተረፈች። ከስታ፣ ጅራቷን ማንሳት እያቃታት፣ ግን ተረፈች። የአንዲት ድኩላ ግልገል አልተረፈም። ጎፈሬ ለቅሶ ሄዶ ከእናትየዋ አጠገብ ተቀመጠ። ያ ሁሉ ጨዋታ ከአፉ ጠፍቶ ነበር።

“ወተትህን በጣም ይወድ ነበር” አለችው ድኩላዋ።

ጎፈሬ ተነሥቶ ወጣ። ከለቅሶው ቤት በቀጥታ ያመራው ወደ ሸንጎው ነበር።

“ከዛሬ ጀምሮ ለጎሾቼ መራሬ አልሰጥም” አለ። “ማንም አይስጥ። ሳንታመም የምንቅመውንም እንተው። ብናሳርፈው ምናልባት አንድ ቀን ተመልሶ ያድነን ይሆናል።”

ቀስ ብለው ጌታው አንበሳ፣ “ወተቱስ?” አሉ።

“ያንሳል።”

“ምን ያህል?”

“በጣም።”

ማጉረምረም ተነሣ። ዝሆን ጉሮሮውን ጠርጎ፣ “ጉዳዩ ከባድ ስለሆነ የሚያጠናው ኮሚቴ ይቋቋም” አለ። ሁሉም ደስ አለው፤ ኮሚቴው ተቋቋመ። ኮሚቴው መጀመሪያ የጠየቀው ለስብሰባው የሚሆን ወተት ነበር።

ጎፈሬ ግን ቃሉን ጠበቀ። ጎሾቹ ከሱ፤ የሚያወጣው ቅልም በጣት የሚቆጠር ሆነ። እማማ እሾሌም ከዚያ ወዲያ ላልታመመ ሥር አልሰጥም አሉ። ቀበሮ ይህን ሲሰማ እንኳን ደስ ያለኝ ብሎ ከጎፈሬ ፊት ለፊት የራሱን በረት ከፈተ፤ ገደሉንም በፍልፈል አስቆፍሮ መራሬውን በገፍ ያበላ ጀመር። ገዢው ሁሉ ወደዚያ ጎረፈ።

አንድ የገበያ ቀን አያ ጅቦ እንስራ ሙሉ ማር ይዞ ጎፈሬ ፊት ቆመ።

“ምነው አያ ጎፈሬ፣ ወተትህ አንሶ ዋጋህ ጨመረ?”

“ምንም ስላልገባበት ነው።”

“ታዲያ ምንም ላልገባበት ነው ጨምሬ የምከፍለው?” አለና አያ ጅቦ ከት ብሎ ሳቀ። ማሩን ተሸክሞም ወደ ቀበሮ አቀና።

ጎፈሬ ከኋላው ተጣራ፦

“አያ ጅቦ! ስትታመም እንግዲህ ጮክ ብለህ አልቅስ። መድኃኒቱ ባይሰማህ ጎረቤት ይስማህ።”