ከደረጃው ሥር ያለችው ክፍል

ሰው ሲያረጅ ጡረታ ይወጣል፤ የመንግሥት ሕንፃ ሲያረጅ ግን ወይ ይፈርሳል፣ ወይ ይከበራል። የቱ እንደሚደርሰው የሚወስኑለት ደግሞ ውስጡ ውለው የማያውቁ ሰዎች ናቸው። እኔ ስንት ዓመት ወለሉን ስወለውል የጠየቀኝ የለም። በሉ ለእናንተ ልንገራችሁ።

ሕንፃው እዚሁ እስራኤል፣ ሬሆቮት ከተማ ያለ የአፈር ምርምር ላቦራቶሪ ነው። ምድር ቤቱን እንግሊዞች ሠሩት ይባላል፤ ግድግዳው ክንድ ሙሉ ይወፍራል፣ መስኮቶቹ ፀሐይን ሸሽተው ወደ ሰሜን ዞረዋል። ከላይ መንግሥት በሲሚንቶ ቀጠለበት። ከደረጃው ሥር ያለችውን ጠባብ ክፍል ግን የሠሯት የጥገና ሠራተኛው ጋሼ አለልኝ ናቸው። እኛ የጽዳት ሴቶች ደረጃ ላይ ተኮልኩለን ምሳ ስንበላ አይተው አንጀታቸው አልችል ቢል፣ ከፈረሰው የድሮ ጭስ መውጫ በተረፈ ጡብ ገነቡልን።

በ2015 ግድም ሕንፃው ሊታደስ ሆነ። የድሮው ይጠበቃል፣ በኋላ የተለጠፈው ሁሉ ይፈርሳል ተባለ። ክፍላችን አለቀላት ብለን አዘንን። ከዚያ የሕንፃ ታሪክ የምታጠና ሴት መጣች፤ ግድግዳ እየዳበሰች፣ ፎቶ እያነሳች ወርዳ በራችን ላይ ቆመች። ጡቡን ስታይ ዓይኗ በራ።

"ይቺ የዘበኛ ክፍል ነበረች፣ አይደል? አርክቴክቱ ራሱ ያሰባት!" አለች በዕብራይስጥ።

ጋሼ አለልኝ የጎንደር ሰው ናቸው፤ እንግዳን "ተሳስተሻል" ከሚሉ ያን ሁሉ ጡብ እንደገና ቢሸከሙ ይመርጣሉ። አንገታቸውን ደፋ አድርገው "ቤሰደር፣ ቤሰደር" አሉ፤ እሺ፣ እሺ ማለታቸው ነው። እሷም ጻፈች። እኔስ? ታላቅን በእንግዳ ፊት ማረም ነውር ነው። ደግሞ ልዋሻችሁ አልፈልግም፣ ክፍሏ ስለተረፈች ደስ ብሎኛል። ዝም አይነቅዝም።

ሴትዮዋ ስትሄድ፣ "ጋሼ፣ ምን አደረጉ?" አልኳቸው።

"ምን ላድርግ ልጄ፣ ያን ያህል ደስ ብሏት ሳለ?"

እውነትም ክፍሏ አልፈረሰችም። ቀለም ተቀባች፣ መብራት ተገጠመላት፣ ስለ እንግሊዛዊው አርክቴክት ጥበብ የሚያወራ ጽሑፍ ተለጠፈላት። ወንበሮቻችን ወጡ፣ በሩ ላይ ገመድ ተዘረጋ፤ ቅርስ ውስጥ ምሳ አይበላማ! እኔ በንዴት ልፈነዳ ደረስኩ።

ጋሼ እሑድ፣ የሥራ ሳምንቱ ሲጀምር፣ ምሳቸውን ይዘው መጡና ጽሑፉን ቀስ ብለው አነበቡ።

"ጎበዝ ነበረ ሰውዬው" አሉና፣ ደረጃው ላይ አጠገባችን ቁጭ አሉ።