ገና ያልጀመረው ባል

ዛሬ ከምሳ በኋላ፣ ሥራ ከተገባ ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ፣ ዘርይሁን የመንግሥት ወንበር ላይ ተቀምጦ ሕልም አየ። ሌሊት ቢሆን ኖሮ ዝም እንለው ነበር። በሥራ ሰዓት የታየ ሕልም ግን የሕዝብ ነውና እንደነገረን እንናገረዋለን።

ዘርይሁን የዞኑ ትምህርት መምሪያ የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። ባለሙያ ማለት ፕሪንተር ወረቀት ሲነክስና የኃላፊው ስልክ አልሰማ ሲል የሚጠራው ሰው ማለት ነው። በዚህ መሀል ግን በራሱ ጊዜ ሁለት ዓመት ደክሞ አንድ ፕሮግራም ሠርቷል። ፕሮግራሙ የመምህራን ዝውውር ይደለድላል። ማን ስንት ዓመት እንዳገለገለ፣ ማን ከቤተሰቡ ተለይቶ እንደሚኖር ይቆጥርና ተራ ያወጣል። የማን ዘመድ እንደሆንክ አይጠይቅም።

ሚስቱ ወይንሸት ጎርፎ ሜዳ በሚባል ቦታ ስታስተምር አራት ዓመቷ ነው። ጎርፎ ሜዳ በመኪና የአንድ ቀን፣ ከዚያ በእግር የሦስት ሰዓት መንገድ ነው። ሦስት ዓመት የሞላት ልጃቸው ከእናቷ ጋር ናት። አባቷን የምታውቀው በስልክ ስለሆነ «አባዬ» የምትለው ስልኩን ነው። ባለፈው ክረምት ሊያያቸው ሄዶ ደጃፉ ላይ ሲቆም፣ ትክ ብላ አየችውና ስልኩን አንሥታ «አባዬ፣ ሰውዬ መጥቷል» አለችው። ዘርይሁን ይህን ለሰው ሲያወራ ይስቃል፤ ብቻውን ሲሆን አይስቅም። ፕሮግራሙን ሲሠራ ሚስቱን ለይቶ እንዲያሳልፍለት ማድረግ ይችል ነበር። አላደረገውም። ተራዋ እንደደረሰ እርግጠኛ ነበርና አላስፈለገውም።

ዝውውሩ እስከ ዛሬ የሚሠራው በእጅ ነው። በእጅ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ዘንድሮ ግን የዝውውር ኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ግዛቸው «እስቲ ያንን ነገርህን እንየው» አሉት። «ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት ቢሮህ እንመጣለን። ከሠራ በሱ እናጸድቃለን፤ ካልሠራ እንደ ልማዳችን በእጃችን እንሠራለን።» ረቡዕ ማለት እንግዲህ ዛሬ ነው።

ፕሮግራሙ ደግሞ ዛሬ እምቢ አለ። የተሠራው ኮንቴይነር በሚሉት ዘዴ ነው፤ የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ አብሮት በአንድ ሳጥን ይታሸጋል፣ ሳጥኑን የትኛውም ኮምፒውተር ላይ ወስደህ ብትከፍተው ይሠራል ይባላል። እቤት የዘርይሁን ላፕቶፕ ላይ ይሠራል። ላፕቶፑን ላምጣው ብሎ ሲጠይቅ ግን አቶ ግዛቸው «የመንግሥት ሥራ በግል ዕቃ አይሠራም» አሉት። የቢሮው ዴስክቶፕ ጠዋት ሲከፈት መጀመሪያ በሆዱ ሌላ ኮምፒውተር ለመሸከም ፈቃድ የለኝም አለ። ቨርቹዋላይዜሽን የሚሉት ነገር መብራት ሄዶ ሲመጣ ጠፍቶ ነበርና ዘርይሁን ገብቶ አበራለት። ሳጥኑ መከፈት ጀመረና መሀል ላይ ቀጥ አለ። «የምስክር ወረቀቱ ጊዜ ገና አልጀመረም» የሚል ጽሑፍ አወጣ።

ፕሮግራሙ ማንነቱን የሚያሳይበት ምስክር ወረቀት አለው። ጊዜው አልፏል ቢለው ዘርይሁን ይገባው ነበር። አልጀመረም ማለት ግን ምንድን ነው? ወረቀቱን ያወጣለት ራሱ ነው፤ ካወጣለትም ዓመት አልፎታል። ኮምፒውተሩን አጥፍቶ አበራ። ሦስቴ። ሳጥኑን ደምስሶ እንደገና ሠራ። ሁሉንም ነቅሎ ከፍላሽ እንደ አዲስ መጫን ጀመረ። አርባ አንድ በመቶ ላይ ሲደርስ ቆመ። ዘርይሁን ሲጠብቀው ሲጠብቀው ግንባሩ ኪቦርዱ ላይ አረፈ።

በሕልሙም መምሪያው እዚያው ነው። ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ የተሰለፉት ግን ኃላፊዎቹ ናቸው። ፋይላቸውን ታቅፈው፣ የኮታቸውን ቁልፍ እስከ ላይ ቆልፈው ይጠብቃሉ። በየመስኮቱ የተቀመጡት የገጠር መምህራን ናቸው። አንዷ መምህርት ጥፍሯን እየሞረደች «ሲስተም የለም፤ ነገ ተመለሱ» አለች። ኃላፊዎቹም አመስግነው ወደ ሰልፉ መጨረሻ ሄዱ።

አቶ ግዛቸው በአንድ እግራቸው ቆመው ነበር።

«ምነው ጋሼ፣ እግርዎን ምን ሆኑ?» አላቸው ዘርይሁን።

«ሁለተኛውን ለማጣራት አስገብተውታል» አሉ። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አንተ ሰው ታውቃለህ፤ ንገርልኝ። እኔ እቤቴ እሠራለሁ። እዚህ ስመጣ ነው የማልሠራው» አሉት።

ከኋላቸው የተሰለፉትም «እኛም እቤታችን እንሠራለን» አሉ።

በሩ ላይ ዘበኛ ሆኖ የቆመው የራሱ የዘርይሁን ዴስክቶፕ ነው። ካፖርት ለብሷል፤ ኬብሉን ወገቡ ላይ ታጥቋል። ዘርይሁንን ከላይ እስከ ታች አየው።

«ምን ሆነህ ነው የማትሠራው?»

«እኔ ደህና ነኝ። የማትሠራው አንተ ነህ።»

«ሁሉም እንደዚያ ይላል» አለና አፍንጫውን ተጭኖ አጠፋው። ቆየት ብሎ አበራው። «አሁንስ?»

«ያው ነኝ።»

ሦስት ጊዜ አጠፋው፤ ሦስት ጊዜ አበራው። በሦስተኛው ዘርይሁን የቀኝ እጁ የት እንዳለ ለጊዜው ረሳ። ዴስክቶፑ አዘነለት። «ነቅሎ እንደ አዲስ መጫን ሳይሻል አይቀርም» አለ። «ሚስትህንና ልጅህን ሌላ ቦታ አስቀምጠሃቸዋል? ሲጫን ይጠፋሉ።»

ዘርይሁን ደነገጠ። «ዘጠኝ ሰዓት ኮሚቴ አለብኝ» ብሎ በብብቱ ሥር ሾልኮ ገባ።

ውስጡ ጠረጴዛ ብቻ ነው። መሳቢያውን ሲስበው መሳቢያው ውስጥ ሌላ መምሪያ አለ፤ ኃላፊ፣ ጸሐፊና ተላላኪ ተሟልቶለታል። ዘርይሁን ጎንበስ ብሎ ገባ። ኃላፊው «የኔ ሥልጣን እዚህ መሳቢያ ድረስ ነው፤ ወደ ውስጥ ዝለቅ» አለው። እዚያም ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛውም መሳቢያ፣ መሳቢያውም መምሪያ አለው። አራተኛው መምሪያ ውስጥ ኃላፊው አውራ ጣት ያክላል። በዚያ ቁመቱ እግሩን ጠረጴዛ ላይ ሰቅሎ «ዋናው መሥሪያ ቤት እኔ ነኝ» አለ። «ውጭ ያሉት ሁሉ በኔ ሥር ናቸው። ከፍ ያለ ጉዳይ ከሆነ ግን ከመዝገብ ቤት አስፈርም።»

መዝገብ ቤቱ ጣሪያ የለውም። የመምሪያው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ወይዘሮ አሰለፈች መሰላል ላይ ወጥተው ፀሐይዋን በመወልወያ እንጨት ወደ ምሥራቅ ይገፋሉ።

«እትዬ አሰለፈች፣ ምን እየሠሩ ነው?»

«ተሳስታ ነበር፤ አስተካከልኳት» አሉ፣ መነጽራቸውን ወደ ላይ እየገፉ።

ፀሐይዋ ወደ መጣችበት በተመለሰች ቁጥር የዘርይሁን ሽበት አንድ በአንድ ጠቆረ። ኪሱን ሲዳብስ ስልኩ እንደ ድሮ ስልክ የቁጥር ቁልፎች አብቅሏል። በእጁ የያዘውን የጋብቻ ወረቀት አጥብቆ ጨበጠው። ወረቀቱ መቼ እጁ እንደገባ አላወቀም፤ ከጠፋ ግን ሁሉ ነገር እንደሚጠፋ ያውቅ ነበር። ፈራ።

የመጨረሻው መስኮት ጋ ዳይሬክተሯ ተቀምጣለች። የአንደኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ሁለት የፊት ጥርስ የላትም፤ ማኅተሙን የምታነሣው በሁለት እጇ ነው። ከዘርይሁን ፊት ተራ የያዘው ባለጉዳይ ጎርፎ ሜዳ ራሱ ነበር። ቀበሌው በሙሉ መጥቷል። ኮረብታውን አዝሎ፣ ወንዙን እንደ ጀንዲ ጠቅልሎ በብብቱ ይዞ፣ ትምህርት ቤቱን በእጁ አንጠልጥሎ ቆሟል።

«ከተፈጠርኩ ጀምሮ እዚያው ነኝ» አለ ጎርፎ ሜዳ። «ወረዳዎቹ ሁሉ ተዛወሩ፤ እኔን የሚያስታውሰኝ ጠፋ። መብራት ያለበት አካባቢ አዛውሩኝ።»

«ቤተሰብ አለህ?» አለችው ዳይሬክተሯ።

«አንድ መምህርት ነበረችኝ።»

«አንድ ስትኖርህ ተመልሰህ ና» ብላ ማኅተሟን መታች። ጎርፎ ሜዳ ወንዙን እያንጠባጠበ ወጣ።

ዘርይሁን ጎንበስ ብሎ ወረቀቱን አቀረበ። «እመቤቴ፣ እኔ ባለቤቴን ወደ ከተማ ለማዛወር ነው። እርስዎ ቢተባበሩኝ።»

ልጅቷ ወረቀቱን ገለበጠችው፤ አሸተተችው። «ይኼ ገና አልጀመረም» አለች።

«እንዴት? አምስት ዓመታችን ነው።»

«አንተ ገና ባል አይደለህም። ሁለት ዓመት ከምናምን ይቀርሃል።»

«ልጅም አለችን።»

«እሷም አልጀመረችም» አለች ዳይሬክተሯ፣ እንደማዘን ብላ። «ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ቀድመህ ነው የመጣኸው። አግዳሚው ላይ ቁጭ በልና ይድረስልህ።»

ዘርይሁን ተሟገተ። ፎቶ አወጣ፤ ፎቶው ላይ ያለው ነጭ ግድግዳ ብቻ ነው። ልጄ ስልኩን አባዬ ትላለች ብሎ ስልኩን ቢያሳያትም ስልኩ አልጠራም። ከልቡ ከፋው። ሌላ ምን ያድርግ፣ ሄዶ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ።

አግዳሚው ጫፍ ላይ አንዲት ወጣት ሴት ቆሎ ትቆረጥማለች። ፀጉሯን ሁለት ቦታ ጎንጉናዋለች፤ የኮሌጅ ደብተር ታቅፋለች። ወይንሸት ናት። አላወቀችውም። ጎርፎ ሜዳ የሚባል ቦታ መኖሩንም ገና አልሰማችም። ዘርይሁን ሊነግራት የፈለገው ብዙ ነበር። ምደባ ሲወጣ እምቢ በይ ሊላት አሰበ። ገና ያላገባትን ሴት ምን ብሎ እንደሚመክር ግን ግራ ገባው። እሷ ቆሎዋን ዘረጋችለት።

«ወረፋ እየጠበቅህ ነው?» አለችው።

«አዎ።»

«ምን ልታስጨርስ?»

«አንቺን።»

ሳቀች። ያ ሳቋ ነው፤ አልተለወጠም። «ስምህ ማን ነው?» አለችው።

አፉን ከፈተ። ስሙ አልመጣ አለው። ልጅቷ ከመስኮቱ «እሱም ገና ነው» ብላ ጮኸች። ወይንሸት እየጠበቀችው ነው፤ እሱ ስሙን ይፈልጋል፤ አንድ እጅ ትከሻውን ያዘና ይንጠው ጀመር።

«አንተ ዘርይሁን! ተነሥ እንጂ፣ ኮሚቴው በሩ ላይ ነው።»

ወይዘሮ አሰለፈች ናቸው። ዘርይሁን ቀና ሲል ግንባሩ ላይ የኪቦርዱ ቁልፎች ታትመው ነበር። አቶ ግዛቸው ከአራት ሰዎች ጋር እየገቡ ነው፤ ዘርይሁን ሳያስበው እግራቸውን አየ። ሁለቱም አሉ። ጭነቱ አልቋል፤ ሳጥኑን ከፈተው። «የምስክር ወረቀቱ ጊዜ ገና አልጀመረም።»

ያኔ ነው ዓይኑ ወደ ስክሪኑ ጥግ የሄደው። 6/9/2017 ይላል። ከጠዋት ጀምሮ ሃያ ጊዜ አይቶታል። ዛሬ ግንቦት ስድስት፣ ሁለት ሺህ ዐሥራ ሰባት ነው፤ ልክ ስለሆነ ልብ አላለውም።

«ይህን ቀን የነካው ማን ነው?» አለ።

«እኔ ነኛ» አሉ ወይዘሮ አሰለፈች፣ ምስጋና እንደሚጠብቅ ሰው። «ካለፈው ሳምንት ጀምሮ መብራት ሄዶ ሲመጣ ቀኑን ይረሳል። ጠዋት ጠዋት ቀድሜህ ስገባ ተሳስቶ አገኘዋለሁ፤ አስተካክልለታለሁ። የመንግሥት ኮምፒውተር የአገሩን ቀን ሳያውቅ ሰው ቢያየው ምን ይላል?»

ዘርይሁን አልተቆጣቸውም። ኮምፒውተሩ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነውና 2017 ለሱ ምስክር ወረቀቱ ሳይወጣ በፊት ያለ ዘመን ነው። ቀኑን ወደ ፈረንጁ መለሰው። ሳጥኑ ትንፋሽ ሳይወስድ ተከፈተ። ፕሮግራሙ የዞኑን መምህራን ቆጠረ፣ ተራ አወጣ፣ ዝርዝሩን ደረደረ። ዐሥራ አራተኛው መስመር ላይ የወይንሸት ስም አለ፤ ምድቧ ከተማው ውስጥ ነው። ዘርይሁን መስመሩን በጣቱ ተከትሎ ሁለቴ አነበበው።

አቶ ግዛቸው መነጽራቸውን አጥልቀው ዝርዝሩን አለፉትና ጥጉን አዩ። «ይኼ ምንድን ነው? 2025?»

«የፈረንጅ ቀን ነው፣ ጋሼ። ካለሱ አይሠራም።»

«እኛ የፈረንጅ መምህር አናዛውርም» አሉ። «ዛሬ ስንት እንደሆነ የማያውቅ ዕቃ ያወጣውን ዝርዝር እንዴት አድርጌ ነው የማጸድቀው? ወይ ቀኑን አስተካክል፣ ወይ በእጅ እንሥራው።»

«ካስተካከልኩት ይዘጋል» አለ ዘርይሁን። ከኮሚቴው አንዱ እስክሪብቶውን አውጥቶ ነጭ ወረቀት መፈለግ ጀመረ።

ወይዘሮ አሰለፈች ከፋይል ዳር ቀጭን ወረቀት ቀደዱ። በእጅ ጽሑፋቸው 6/9/2017 ብለው ጻፉበት፤ በፕላስተር ስክሪኑ ጥግ ላይ ለጠፉት፤ በአውራ ጣታቸውም ደጋግመው አሹት።

አቶ ግዛቸው ጎንበስ ብለው አዩት። «አሁን ልክ መጣ» አሉ፤ ፈረሙ። አራቱም ፈረሙ። ወረቀቷን ወይዘሮ አሰለፈች ማታ ሲወጡ ነቅለው ፋይል አደረጓት፤ የመንግሥት ሰነድ ናትና አትጣልም።

ዘርይሁን ኮሪደሩ ላይ ወጥቶ ደወለ። ስልኩን ያነሣችው ልጃቸው ናት፤ ለስልኩ «አባዬ» አለችው። «እናትሽን ስጪኝ» አላት። ወይንሸት ስትመጣ «ዝውውሩ ወጥቷል። ተፈርሟል። ከክረምቱ ጀምሮ እዚህ ናችሁ» አላት።

«ዘርይሁን» አለችው፤ «ደግሞ ቢሮ ተኝተህ ነበር እንዴ?»