በሕይወት ያለ ሰው የተሞገሰ ዕለት

ቆይ፣ ቆይ… መጀመሪያ ልሳቅና እነግራችኋለሁ። ዋናው መጨረሻው ላይ ነው፤ አሁን ካመለጠኝ ይበላሻል።

የወንድሜ ልጅ ሄለን ዩኒቨርሲቲ ናት፤ እኔ አራተኛ ክፍልን በመስኮት አይቼ የተመለስኩ ነኝ። “አክስቴ፣ አፕሪሺዬሽን የሚሉት የፈረንጆቹ ቃል ጥንት ዋጋ መተመን ማለት ነበር” አለችኝ። ገበያ ወጥቶ ሽንኩርት ማገላበጥ በሉት። “የእኛስ?” ስላት፣ “አድናቆት ከመደነቅ ነዋ!” አለች። ወይ ጉድ! ዋጋ የለው፣ ሚዛን የለው፤ አፍ ከፍቶ መቅረት ብቻ። ችግሩ፣ የተከፈተው አፋችን አይናገርም። “እግዜር ይስጥልኝ” ብለን ሥራውን ለፈጣሪ ትተን እናልፋለን። ሰውን ዘርዝረን የምናሞግሰው አንድ ቀን ነው፤ ያን ቀን ደግሞ ባለቤቱ አይሰማም።

ጋሽ ደበላ የጀሞ ኮንዶሚኒየማችን ዘበኛ ነው። ብሎካችን የቆመበት መሬት ድሮ የአባቱ የጤፍ ማሳ ነበር። ባለፈው ክረምት ልጄን ምጥ ሲይዛት፣ እኔ አራተኛ ፎቅ ላይ ቆሜ ስጮህ፣ ይህ ስድሳ ያለፈው ሰው አዝሏት ወረደ። አንዴ እንኳ አልቆመም እኮ! ታክሲ ውስጥ አስገብቷት ዝም ብሎ ወደ በሩ ተመለሰ። እኔም “ይስጥልኝ” ብዬው አለፍኩ። የልጅ ልጄ መዳህ ስትጀምር ግን ከነከነኝ። ይህ ሰው ሳይሰማ ቢሞትስ?

ጎረቤቱን አስተባብሬ የምስጋና ቀን አዘጋጀሁ። ድንኳኑ? ከእድሩ። ወንበሩ? ከእድሩ። አንባቢው? የሟቾችን የሕይወት ታሪክ የሚያነቡት የእድሩ ጸሐፊ፣ አቶ ታደሰ።

እሁድ ጠዋት ጋሽ ደበላ ድንኳኑን ሲያይ ባርኔጣውን አውልቆ ከኋላ ተቀመጠ። “ማን ሞተ?” አለኝ በሹክሹክታ። “አሁን ትሰማለህ” አልኩት፣ ሳቄን አፍኜ። አቶ ታደሰ በዚያ በሚያስለቅስ ድምፃቸው “አቶ ደበላ ከአባታቸው ከአቶ ቱፋ…” ብለው ሲጀምሩ፣ አንዷ ጎረቤታችን ለምዶባት “ወይኔ ጋሼ!” ብላ ደረቷን መታች።

ጋሽ ደበላ ተነሳ። ፊቱ አመድ መስሏል። የበሩን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠ።

“በቁሜ የምታነቡልኝ ልታባርሩኝ ነው አይደል፣ ዘነቡ? ይህን ሁሉ ከምትደክሙ፣ በቃህ ብትሉኝ ምን ነበረበት?”

ያዘጋጀሁትን ንግግር ተውኩት። ቁልፉን መልሼ አስጨበጥኩትና የልጅ ልጄን እቅፉ ውስጥ አስቀመጥኳት። “ጋሼ፣ ይቺን አንተ ነህ ከፎቅ ያወረድካት። ያን ጊዜ ቃል ያጣሁት ደንቆኝ ነው” አልኩት።

ልጅቷ ጢሙን ጎተተችው። እሱ ግን አቶ ታደሰን በእጁ “ቀጥሉ” አላቸው። ስለ ራሱ እስከ መጨረሻው፣ ራሱን እየነቀነቀ፣ የእናቱን ስም ሳይቀር እያረመ አደመጠ። እኔም አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ሲያበቃ ባርኔጣውን አጠለቀና እንዲህ አለን፦

“በሉ ሰምቻለሁ፤ ስሞት ደግማችሁ እንዳታነቡት።”